ትሪቡን ሲያይ የዋለ የመንገድ ዓይን

ጓድ ሽብሩ ሞተ አሉኝ። ባለፈው ሳምንት ነው፤ ከገበያ ስመለስ ጎረቤቴ ባጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ነገረችኝ። ነፍስ ይማር አልኩ። ማለቱንስ ብያለሁ፣ አፍ ምን ይከፈልበታል። ከዚያ ቤቴ ገባሁና በሬን ዘግቼ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። በሰው ሞት አልሳቅሁም፣ እሱን እኔም እየጠበቅሁት ነው። የሳቅሁት በሰውየው ነው።

«እሳቸው» ማለት ነበረብኝ፤ ለሙት ክብር ይሰጣል። ሞከርኩት፣ ምላሴ እምቢ አለ። እንግዲህ «እሱ» እያልኩ ልጨርሰው ነው፤ ቅር የሚለው ዘመድ ካለ ይምጣና ይውቀሰኝ። የተማርኩ ሰው አይደለሁም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ «ሀ»ን ለይቼ «ለ» ላይ ስደርስ በጓሮ በር የሸሸሁ ነኝ። ያየሁትን ግን አልረሳም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ሐዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ጓድ ሽብሩ የመንገዱንና የቦዩን ነገር የሚያዝ ሹም ነበር። ካኪው በስታርች ደርቆ ሲራመድ ከሰውየው በፊት ልብሱ ይሰማል። ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል፤ የሚጽፈው በአንዱ ነው፣ ሁለቱ አጃቢ ናቸው። ምን ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ «ጥናት ላይ ነው።» ቦዩ ተደፍኗል ስንለው ጥናት ላይ ነው። ጎርፉ ቤታችን ገባ ስንለው ጥናት ላይ ነው። ጎርፉ ጥናቱን አልጠበቀም እንጂ።

ቢሮው አንድ ቀን ገብቻለሁ። የሊቀመንበሩ ፎቶ ከወንበሩ ጀርባ ነበር የተሰቀለው፤ ግድግዳው ላይ ሌላ ምስማር የለም መሰለኝ። ታዲያ ለመሪ ጀርባ አይሰጥም ብሎ ጠረጴዛውን አዙሮ ከግድግዳው ጋር ተፋጦ ይቀመጣል። ባለጉዳይ ገብቶ የሚያወራው ለጆሮው ነው። እኔ የጎርፉን ነገር ግራ ጆሮው ላይ ተናግሬ ወጣሁ። ፊቱን ያየሁት በር ላይ «ዝጊው» ሲለኝ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ወደ ቱላ በሚወስደው አስፋልት፣ ኩርባው ጋ፣ የበቆሎ እሸት እየጠበስኩ እሸጥ ነበር። ከሰል ማንደጃዬን ዘርግቼ ቁጭ ስል ዓለም በፊቴ ታልፋለች። ከገበያ የሚመለሰው ሰውና አህያ፣ ከደቡብ ቡና ጭኖ የሚመጣው ከባድ መኪና፣ ሁሉም በዚያች ኩርባ ነው የሚያልፈው። ሲመሽ፣ በተለይ ካፊያ ሲሆን፣ አስፋልቱም ጥቁር፣ አፈሩም ጥቁር ይሆንና የቱ መንገድ፣ የቱ ሜዳ እንደሆነ አይለይም።

ቡሪሴን ያገኛት ይኸው ነው። ቡሪሴ ባልንጀራዬ ናት፤ የሲዳማ ሴት፣ ቅቤ ሻጭ። አማርኛዋ ለገበያ የሚበቃ ነው፤ ለወሬ ወደ ሲዳምኛዋ ትመለሳለች፣ እኔም እዚያው ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ እንግባባለን። አንድ ምሽት ከባድ መኪና ኩርባውን ስቶ ወጣና እግሯን ሰበረው። ሾፌሩ አልሰከረም፤ ወርዶ እንደ ሕፃን እያለቀሰ፣ «ኩርባው ጠፋብኝ፣ እናቴን፣ ጠፋብኝ» ይል ነበር። እግሩ ተጠገነ፣ ግን አጠረ። ከዚያ ወዲህ ቡሪሴ መኪና ሲመጣ እንደ ሌላው ሰው ዘላ መውጣት አትችልም። መንገዷ ደግሞ ሌላ የለም፤ በየቀኑ ሲመሽ በዚያች ኩርባ ታልፋለች።

ጓድ ሽብሩ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስቡልኝ አለ። ተሰበሰብን። ከቦርሳው አንድ ነገር አወጣ፤ ጉልቻ የሚያህል ብረት፣ በሁለት ፊቱ ብርጭቆ የገባበት። ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገና፣ ይህ የመንገድ ዓይን ይባላል፣ ከባህር ማዶ የመጣ ነው፣ አንዱ ዓይን የአንድ ሙክት ዋጋ ያወጣል አለን። ሴቱ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ቡሪሴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ይበላል ወይ አለችኝ። ሹም ይበላዋል አልኳት።

ይህ ዓይን፣ አለ ሰውየው፣ ኩርባው ላይ መሃል ለመሃል ይተከላል፤ ሾፌሩ መንገዱን ያያል፤ ከእንግዲህ የማንም እግር አይሰበርም። ይህን ሲል ቡሪሴን ተነሽ አላት። ተነሳች። ቀሚስሽን እስከ ቅልጥምሽ ሰብስቢ አላት። ሰበሰበች። ያን እግር፣ አጥንቱ እንደ ክርን የወጣውን፣ በእስክሪብቶው እየጠቆመ ለስብሰባው አሳየ። «ለዚህ ነው የምታዋጡት» አለ። ያላዋጣ አልነበረም። ቡሪሴ የሳምንት ቅቤዋን ሸጣ ሰጠች፤ እኔም ከበቆሎዬ ሰጠሁ። ለእግሯ እኮ ነው። እግር አሳይቶ ሲለምን ማን እምቢ ይላል?

ዓይኖቹ መጡ። በእንጨት ሳጥን፣ ጭድ ውስጥ ተቀምጠው፣ እንደ እንቁላል። እኛ ኩርባው ላይ ስንጠብቅ ሳጥኑ መሃል ከተማ ቀረ። ለአብዮት በዓል ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ስለነበር ሰልፍ የሚያልፍበት ሰፊው መንገድ ላይ፣ ሹማምንቱ የሚቀመጡበት ትሪቡን ፊት ለፊት ይተከል ተባለ። ያ መንገድ ቀጥ ያለ ነው፣ መብራት አለው፣ መኪና የሚያልፍበትም በዓመት ሁለቴ ነው። ለምን እዚያ ሆነ ብዬ ብጠይቀው ለግራ ጆሮው የነገርኩት ያህል እንኳ አልሰማኝም። «ጥናት ላይ ነው፤ ለጊዜው ነው» አለ።

ለሠራተኞቹ በቆሎ ልሸጥ ብዬ የሄድኩ ቀን ነው ጉዱን ያየሁት። ፎርማኑ ጋሽ ማቴዎስ ነበር፤ የጴንጤ ሰው፣ ዝምተኛ፣ እጁ የተባረከ። ዓይኖቹን አሰልፎ ብርጭቆው ወደ መኪና መምጫው እንዲያይ አድርጎ ሊያጣብቅ ሲል ጓድ ሽብሩ ከተፍ አለ።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ጓድ፣ ይኸው ወደሚመጣው መኪና እንዲያይ ነው። የራሱ ብርሃን የለውም፤ የመኪናውን መብራት ተቀብሎ ይመልሳል። እንደ ድመት ዓይን ነው።»

ጓድ ሽብሩ ትሪቡኑን አየ። ዓይኖቹን አየ። ፊቱ ቀላ።

«እና ለትሪቡኑ ጎኑን ይስጥ? እንግዶቹ እላይ ተቀምጠው ይሄ ወደ ሌላ ይይ? ዓይን ያለው ነገር ሁሉ ወደ መሪዎቹ ነው የሚያየው። አዙረው።»

ጋሽ ማቴዎስ አንዴ ብቻ፣ «ጓድ፣ እንዲያ ከሆነ አይበራም» አለ። ሰውየው የመጀመሪያውን እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣና ስምህ ማን ነበር አለው። ያኔ ስምህ ማን ነበር ሲሉህ ታስረህ ማደር ሊመጣ ነው። ጋሽ ማቴዎስ እሺ ጓድ አለ፣ አጎነበሰ፣ ያን ሁሉ ሙክት አንድ ባንድ ፊቱን ወደ ትሪቡኑ አዞረው። እኔ በቆሎዬን አቅፌ ቀረሁ። ሰው ለሹም ሲሰግድ አይቻለሁ፤ ብረት ሲያሰግድ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

በዚያ ላይ ኤሌክትሪክ ያለው መስሎት ነበር። በባዶ እግራችሁ እንዳትረግጡት፣ ይይዛችኋል፣ ውሃ እንዳታፈሱበት ብሎ አስለፈለፈ። የቱላ ገበሬ ሁሉ አህያውን በሌላ ሰፈር አዙሮ መንዳት ጀመረ። አንዲት አህያ አምልጣ ገብታ አንዱን ዓይን በደንብ አሸተተችው፤ ምንም አላላትም፣ ሸናችበት። ከዚያ በኋላ ሰው እየሳቀ መርገጥ ጀመረ። ጓድ ሽብሩ አህያዋን የማን ናት ብሎ ሲያፈላልግ ሰነበተ።

ይህ ሁሉ ለእኔ ሳቅ ነበር። ለቡሪሴ አልነበረም። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ካፊያ ነበር፣ ከማንደጃዬ ሃያ እርምጃ ሳትርቅ ከባድ መኪና ኩርባውን ቆርጦ መጣ። እሷ ወደ ዳር ልትሸሽ ስትል ያ እግር አልታዘዛት አለ። መኪናው ጀርባዋ ላይ ያዘለችውን የቅቤ ቅል ነጥቆ ሄደ። ቅሉን ብቻ። እኔ ጩኸቴን ለቀቅሁት፤ እሷ አልጮኸችም። መጥታ ከሰሉ አጠገብ ተቀመጠች፤ እጇ ላይ የቀረውን የቅል ማንጠልጠያ ከሰሉ ላይ ጣለችው። ከዚያ በሲዳምኛ፣ «እግሬን ለገበያ አወጣው። ዋጋዬን ትሪቡን ፊት ቀበረው። የሚቀጥለው እኔን ነው» አለችኝ። ተነሳች። ሴቶቹን እጠራለሁ አለች።

በሲዳማ ሴት ስትበደል ሴቶቹ ሁሉ ሲቆ የሚሉትን ቀጭን በትራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ያካ ይባላል። ያካ ፊት ወንድ እጁን አያነሳም፣ አቋርጦም አያልፍም። በዳዩ ሰው ፊት ቆሞ ጥፋቱን ማመን አለበት። ደርግ ይውደደው አይውደደው የሚጠይቀው አልነበረም፤ ያካ ከደርግ በፊት ነበረ።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። ትሪቡኑ በቀይ ጨርቅ አብዷል። እንግዳው መሃል ላይ ተቀምጧል፤ ወፍራም፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ በረጅሙ የሚተነፍስ ሰው። እኔ እንደ ቀበሌ ሰው ተሰልፌ ከፊት ነበርኩ። ጓድ ሽብሩ የመንገድ ዓይኑን ዋጋ፣ ጥቅም፣ ከየት እንደመጣ ደረደረ። ሲጨርስ እንግዳው መነጽሩን አውልቆ ወደ መንገዱ አየና፣ «የታለ የሚያበራው?» አለ።

ቀትር ነው እኮ። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ጓድ ሽብሩ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ላንድሮቨር መጣች፣ በቀትር መብራቷን አበራች፣ ወዲህ ሄደች፣ ወዲያ ተመለሰች። ዓይኖቹ ወደ ትሪቡኑ አፍጥጠው ቀሩ። ካኪው ከብብቱ ሥር ሲረጥብ ከቆምኩበት ይታየኛል። እንግዳው ሰዓቱን አየ። ያን ጊዜ ነው ከመንገዱ ጫፍ የሴቶቹ ዜማ የተሰማው።

መጡ። ስንት እንደሆኑ እንጃ፤ መንገዱን ሞልተው፣ በትራቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ ቡሪሴ ከፊት እያነከሰች። ያየው የአገሩ ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀ፤ ያካ ምን እንደሆነ ያውቃላ። ጓድ ሽብሩ ግን አገሩን ስንት ዓመት ገዝቶ ሰዎቹን አያውቃቸውም። የሰመጠ ሰው ሳር ይይዛል፤ እሱ ያገኘው ሳር እነሱ ሆኑ። ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አነሳና፣ ጓዶች፣ ይኸው ሰፊው ሕዝብ በራሱ ተነሳሽነት ለድጋፍ ወጣ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ለመጡበት አጨበጨበ። አጠገቡ ያለው ሁሉ ተከተለው፤ እንግዳውም አጨበጨበ።

ቡሪሴ ትሪቡኑ ሥር ቆማ ተናገረች። በሲዳምኛ። ምን አለች መሰላችሁ፦ አንተ ውሸታም፣ እግሬን ለሕዝብ አሳይተህ የለመንከውን እዚህ ጭቃ ውስጥ ጣልከው፤ ያንን ዓይን ካላመጣህልኝ ከዚህ አልንቀሳቀስም፤ ሚስትህም እናትህም ይስሙህ። ሌላም አለች፤ እሱን ለልጆቼም አልነገርኩ።

እንግዳው፣ «ምን አለች?» አለ።

ጓድ ሽብሩ በዓይኑ ሲፈልግ እኔ ላይ አረፈ። ወይዘሮ አስካለ፣ ነይ ተርጉሚ አለኝ፤ በከንፈሩ እየሳቀ፣ በዓይኑ እያስፈራራ። ወጣሁ። እውነቱን ብተረጉም ቡሪሴም እኔም ማደሪያችን ይለወጣል። ብዋሽ ደግሞ ኩርባው እንዳለ ይቀራል፣ እሷም በኩርባው ታልፋለች። ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ጓድ እንግዳ» አልኩት፣ «ጓድ ሽብሩን እናመሰግናለን ትላለች። ይህን ዓይን ያመጣው ለእኛ ለቱላው ኩርባ ነው ትላለች። እርስዎ ሳያዩት አይተከልም ብሎ፣ ለክብርዎ፣ ለዛሬ ብቻ እዚህ አቆይቶት ነው። ዛሬ አዩት። ነገ ወስዶ ይተክልልናል ትላለች።»

«በትሩስ?»

«ለከበሬታ ነው» አልኩ። «ለማንም አይወጣም።» እሱስ እውነት ነው።

እንግዳው ወደ ጓድ ሽብሩ ዞረ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ሕዝቡን ማዳመጥ እንዲህ ነው አለው። «ነገ ነው አይደል?» ጓድ ሽብሩ አፉን ከፈተ። «ጥ» አለ። ጥናት ሊል ነው። ሴቶቹን አየ፣ እንግዳውን አየ። «ነገ ነው ጓድ» አለ። እንግዳው ከተከልክ በኋላ በጽሑፍ አሳውቀኝ አለው።

በማግስቱ ጋሽ ማቴዎስ ነቅሎ አመጣቸው። ፊታቸውን ወደሚመጣው መኪና አድርጎ፣ ኩርባውን ተከትሎ መሃል ለመሃል ተከላቸው። በዚህ ጊዜ ማንም አዙር አላለውም፤ ኩርባው ላይ ትሪቡን የለም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጨረሰ። ካፊያ ጀመረ። እኛ ሴቶቹ ዳር ላይ ቆምን፤ ቡሪሴም ቆመች። ጓድ ሽብሩ ሪፖርት ሊጽፍ መጥቷል፤ በጭቃው ላይ በጣቱ ጫፍ ይራመዳል።

«አልበራም» አለ።

ጋሽ ማቴዎስ በትዕግሥት፣ መኪና ይምጣ ጓድ፣ ብርሃኑን ከመኪናው ነው የሚበደረው አለው። ጓድ ሽብሩ በንቀት ሳቀ። መንግሥት ይህን ያህል አውጥቶ የሚበደር ዕቃ አይገዛም አለ። ውስጡ ያለውን መብራት ሊፈልግ አስፋልቱ መሃል ገባ፣ አጎነበሰ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላውን ብርጭቆው ላይ ለጠፈ። ያን ሁሉ ዘመን ለመሪው ፎቶ እንኳ ጀርባ ያልሰጠ ሰው፣ ቂጡን ወደ ቱላ ሰቅሎ።

ቡና የጫነው ከባድ መኪና ከቱላ በኩል መጣ። ጋሽ ማቴዎስ ጮኸ፣ እኛም ጮኽን። መብራቱ ኩርባው ላይ ሲያርፍ ዓይኖቹ በሩ። አንድ ባንድ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ኩርባውን እየሳሉ፤ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። በየቀኑ የተቀመጥኩበት ኩርባ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እንደ ድሮው ኩርባውን ቆርጦ ሊመጣ የነበረው መኪና አፍንጫውን መለሰ፣ መስመሩን ይዞ ዞረ። ጓድ ሽብሩ ቀና ሲል ጎማው ካጠገቡ ክንድ ባልሞላ ርቀት አለፈ፤ ቆቡ በነፋሱ ተነሳ፣ እሱ ወደ ቦዩ ተወረወረ። ያ እሱ ሲያጠናው የነበረው፣ ውሃ ያቆረው ቦይ።

እንግዲህ ያ የመንገድ ዓይን መጀመሪያ ያተረፈው ነፍስ የማን እንደሆነ አያችሁ። ቡሪሴ ቅቤዋን ሸጣ፣ እግሯን አሳይታ ማንን እንዳተረፈች። ከዚያ በኋላም ስንቱን አትርፏል፤ እሷንም፣ ይኸው እስከ ዛሬ እየተሰዳደብን እንኖራለን። የመጀመሪያው ግን እሱ ነው።

ከቦዩ ወጣ። አንድ ጫማው የለም፣ ካኪው ከወገቡ በታች ጭቃ ሆኗል፣ እስክሪብቶዎቹ ግን ሦስቱም አሉ። ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ።

«ሆን ብዬ ነው» አለን። «ልሞክረው ብዬ ነው። ይሠራል። ጻፉ።»

ጻፉ የሚለን ፊደል የማንቆጥር ሴቶችን ነው።  ሾፌሩ ወዲያ አቁሞ ኖሮ ተመልሶ መጣ። ሰውየውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ፣ ቅርብ ለቆመችው ለቡሪሴ፣ «እናቴ፣ ይሄ ሰውዬ ምንድነው፣ ሰክሮ ነው?» አላት።

ቡሪሴ አማርኛዋን ፈለገች።

«አይ፣ ስካር የለም» አለችው። «ሹም ነው።»